የፉጨት መተላለፊያ

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ካርልተን፣

እንደምን ከርመሃል? የቶሮንቶ ብርድ ጉልበትህን እንዴት አድርጎታል? ባለቤትህ ጆይስና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማማም ዓይኗ ደከም ከማለቱ በቀር ምላሷ እንደ ድሮው ነው። እኔን ግን ሰሞኑን አንድ ነገር መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል።

ከሸንኮራው ማሳ በላይ ያለው የጌቶቹ ቤት ታድሶ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል፤ እኔም ምግብ አቅራቢ ሆኜ ገብቻለሁ። ብታየው አታውቀውም። የታችኛው የድንጋይ ግንብ ታጥቦ ነጥቷል፣ የላዩ እንጨት ቀለም ተቀብቷል፣ በረንዳው ዙሪያውን ተጠግኗል። ማድ ቤቱ ጭሱና እሳቱ ጌቶቹን እንዳያስቸግር ድሮውንም ከቤቱ ርቆ ነው የተሠራው፤ ሁለቱን የሚያገናኘውን ጣሪያ ያለው መተላለፊያ መቼም አትረሳውም። የመመገቢያ ክፍሉ መስኮቶች በሙሉ ወደዚያ ይከፈታሉ። ለነፋስ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለጆሮ ኖሯል። በባርነት ዘመን ቅድመ አያቶቻችን ሳህን ይዘው ሲያልፉ ምግቡን እንዳይቀምሱ እያፏጩ እንዲሄዱ ይገደዱ ነበር፤ የሚያፏጭ አፍ አያኝክማ። በልጅነታችን ምግብ አጠገብ ስናፏጭ እማማ በማማሰያ ታባርረን የነበረው ለዚህ ነው።

አሁን ሥራ አስኪያጇ ሚስ ዳክረስ፣ ያውም የእኛው ሰፈር ልጅ፣ ቅዳሜ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ሲመጡ እያፏጫችሁ አቅርቡ አለችን። ታሪክ ነው፣ እንግዳ ይወደዋል ባይ ናት። ወጥ ቤቷ ሚስ ማይርትል፣ እኔ እንኳ የፊት ጥርስ የለኝም፣ ከእኔ የሚወጣው ነፋስ ብቻ ነው ብላ ሁሉን አሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። እምቢ ብል እንጀራዬ ሊቋረጥ ነው፤ እሺ ብል እማማን በምን ዓይኔ አያታለሁ? ሳምንቱን ስገላበጥ አደርኩ፤ ይህን ደብዳቤም ጀምሬ አቋረጥኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። የዓሣ ጥብስ ይዤ እያፏጨሁ ወጣሁ፤ አፌ ደርቆ ፉጨቱ ይቆራረጣል። መስኮቶቹ ተከፍተው እንግዶቹ ያዩኛል። መሀል ላይ ስደርስ ቆምኩና ከሳህኑ ትልቁን የዓሣ ቁራጭ አንስቼ ጎረስኩ።

ሚስ ዳክረስ በመስኮት ብቅ ብላ፣ "ሚስ ኢኔዝ፣ ምነው ፉጨቱን አቋረጥሽ?" አለችኝ።

"አፌ ሞልቶ ነው" አልኳት።

ነገ ሥራ ይጠሩኝ አይጠሩኝ አላውቅም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ። ለእማማ እየፈራሁ ነገርኳት። እሷም "ዓሣው ጣፍጦ ነበር?" ብቻ አለችኝ።

ለጆይስና ለትልቋ ልጅህ ለሸረል ሰላምታዬን አድርስልኝ። ትንሹ ኦኒል ማፏጨት ለመደ ብለህ ጽፈህልን ነበር። ያፏጭ፣ ብቻ መጀመሪያ ይብላ ብላለች እማማ።

እህትህ ኢኔዝ
ትሪሎኒ፣ ጃማይካ
እሑድ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1994