ፀሐይ የማይነካው ክፍል

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አይሆንም አላለም። አባ አይሆንም አይልም፤ «እናያለን» ነው የሚለው። እሱ ደግሞ ከአይሆንም ይብሳል።

ሀንጋሪ ሩቅ መሆኑ አይደለም ያስጨነቀው። ብርዱም አይደለም፤ ብርድ ምን እንደሆነ እኛ ቤት ማን ያውቃል። ምግቡን እማ ይዛዋለች፤ ከአሁኑ ድርቆሽ ታሰላለች። አባን የያዘው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ጎረቤትሽ ማነው?»

ለአንድ ሴሚስተር የተማሪ ልውውጥ ከተመረጡት አንዷ ነኝ። እስካሁን ስጽፈው እጄ ይቀልለኛል። የካቲት ላይ ነው ጉዞው። የት እንደምኖር ግን እስከ እሁድ ማሳወቅ አለብኝ፤ ያለዚያ ቦታዬ ለተጠባባቂ ይሰጣል። አባ ካልፈቀደ ደግሞ ማሳወቁም ዋጋ የለውም።

ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ዶርም ነው፤ ወንድና ሴት በአንድ ኮሪደር። አባ ሳያስጨርሰኝ «እሱን ተይው» አለ። ሌላው የአንዲት አሮጊት ቤት ነው። ወይዘሮ ኢሎና ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች አሏቸው። የፊቱ ፀሐይ ጠዋት ገብታ ማታ የምትወጣበት ነው። የኋላው ትልቅ ዛፍ ስር ነው፤ ፀሐይ ጨርሶ አይነካውም። «የኋላውን እስካሁን ማንም አልጠየቀም» ብለው ጻፉልኝ። እንዴት ያለ ዕድል ነው። ሳልውል ሳላድር የኋላውን እፈልጋለሁ ብዬ ላኩ።

እማ ስትሰማ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አመሰገነች። ሸዋ ሮቢት ተወልዶ ፀሐይ ያለበትን ክፍል የሚመርጥ ሰው ካለ ዱዓ ይደረግለት።

ከሰዓት አገሩ ሁሉ ጥላ ጥላውን ይዞ ጸጥ ሲል ማንጎው ስር ተጋደምኩና ክፍሌን ሳልኩት። መስኮቱ ላይ ቅጠል። ብርሃኑ አረንጓዴ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ። እኔ ባዶ እግሬን ወለሉ ላይ አድርጌ አነባለሁ። እንቅልፍ ሲወስደኝ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ።

ማክሰኞ

ወይዘሮ ኢሎናን ጠየቅኋቸው። በእንግሊዝኛ «ጎረቤትዎ ማን ናቸው? ደህና ሰው ናቸው?» ብሎ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የሞከረው ያውቀዋል። ሦስቴ አጥፍቼ ጻፍኩት።

ግን አባን ይገባኛል። እዚህ ቤት ሊከራይ የመጣ ሰው ግድግዳና ጣራ አይቶ አይወስንም። መጀመሪያ ጎረቤት ደጃፍ ቁጭ ብሎ የሚጠጣ ውሃ ይጠይቃል። ውሃው በምን ፊት እንደተሰጠው አይቶ ነው ወደ ቤቱ የሚዞረው። እኛ እዚህ የሰፈርነው አባ ውሃ ቢጠይቃቸው ጋሼ ሰይድ ሐብሐብ ቆርሰው ስለሰጡት ነው። ይኸው እኔ ሳልወለድ ጀምሮ አጥራችን አንድ ነው። የጋሼ ሰይድ ዶሮ የት እንደምትጥል እኛ እናውቃለን፣ የእኛን ጠብ እሳቸው ያውቃሉ።

ማታ እራት ላይ አባ ጎርሶ ሳይጨርስ፣ «እዚያ ማን ውሃ ይጠይቅልሻል?» አለኝ። እኔ እንደ ዋዛ ያየሁት ነገር እሱን እንዲህ እንደሚያስፈራው አላሰብኩም ነበር። አንጀቴን በላው።

ረቡዕ

መለሱ። ወይዘሮ ኢሎና ጥያቄዬ በጣም ደስ ብሏቸዋል። በቀኝ በኩል ባዶ የአትክልት ቦታ ነው። በግራ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ከነውሻቸው ይኖራሉ። እንዲያውም ሰውዬውን አጥሩ ጋ ጠርተው ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። ካፖርት ለብሰው፣ በአንድ እጃቸው ውሻውን ይዘው፣ በሌላው ሰላም ይላሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አንጋጠዋል። ፎቶ ሲነሡ ዓይን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው አልኩ።

አባ ስልኩን ተቀብሎ ብዙ አየው።

«ሲጠሯቸው መጡ?»

«መጡ አባ።»

«ውሻው ግን ምን ያደርግላቸዋል? ታስሮ ይውላል?»

«አላውቅም።»

«የምትሰግጂበት ግቢ ውሻ ከገባ ጣጣ ነው። እናያለን።»

መልእክቱ መጨረሻ ላይ ወይዘሮ ኢሎና ደግመው፣ የኋላው ክፍል ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብለዋል። ለእማ ተረጎምኩላት። «ሴትዮዋ ቤቷን ማሞገስ ታውቅበታለች» አለች። በጣም እርግጠኛ ነኝ ብዬ መለስኩ። ሦስት አመሰግናለሁ ጨመርኩበት።

ሐሙስ

ምን ዓይነት ጅል ነኝ።

ካፖርት ፍለጋ ደብረ ሲና ወጣሁ። እዚህ ሰልባጅ ተራ ካፖርት ቢገኝም የበቆሎ ጠባቂ ነው የሚለብሰው። ደብረ ሲና የጓደኛዬ የትዕግስት አገር ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም ነን፣ ለእረፍት እሷም ቤተሰቦቿ ጋ ናት። ሚኒባሱ የአርማንያን መንደር አልፎ ሽቅብ ሲያያዘው ሰው ሁሉ መስኮት መዝጋት ጀመረ። እኔ ንፋሱ ደስ ብሎኝ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ አንዲት እናት፣ «እሜቴ፣ ልጅ ይዣለሁ» አሉኝ። ዘጋሁ።

የትዕግስት ቤት እንደደረስኩ እሷ ልብስ ልትቀይር ገባች፤ እኔ እንደለመድኩት ጥላ ፈልጌ ከቤቱ ኋላ ያለው አግዳሚ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ማንም የለም። እንዴት ያለ ቦታ ትተውልኛል እያልኩ ነበር። ትንሽ ቆየሁ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ከዚያ ጥርሴ መንገጫገጭ ጀመረ። እናቷ እትዬ አስካለ ሊፈልጉኝ ዞረው መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አጥፍተሽ ነው እዚህ የተቀመጥሽው?»

እጄን ይዘው ወደ ፊት ወሰዱኝ። ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ድመቷም ሳትቀር ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ቦታ ለቀቁልኝ። ግድግዳው ጀርባዬን ሲያሞቀኝ፣ እውነቴን ነው፣ ማልቀስ አማረኝ። ፀሐይ እንዲህ ትጣፍጣለች እንዴ? ዕድሜዬን ሙሉ የሸሸኋት ፀሐይ ናት። ዓይኔን ጨፍኜ ፊቴን ቀና አደረግኩ። ያኔ የባቡር ነጂው ፎቶ ድንገት መጣብኝ።

«እትዬ አስካለ፣ እርስዎ ቢሆኑ ዛፍ ስር ያለ፣ ፀሐይ የማይነካው ክፍል ይከራያሉ?»

«ለምን ሲባል? የእኛ ጎተራ እንኳ ፀሐይ ካላገኘ ይሻግታል።»

ነገርኳቸው። ትዕግስት ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እዚያ አገር ብርዱ ከእኛ ይብስ የለ?» አሉኝ ቀስ ብለው። ይብሳል። በጣም ይብሳል። ማንም ያልጠየቀውን ክፍል ነው ተሽቀዳድሜ የያዝኩት።

ካፖርቱ ቡናማ ነው፣ ኪሱ ተቀዷል። ቁልቁል ስንወርድ እንደታቀፍኩት መጣሁ።

ዓርብ

በንጋት ተነሥቼ ለወይዘሮ ኢሎና ጻፍኩላቸው። ይቅርታ፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ እኔ የመጣሁት ጥላ እንደ ወርቅ ከሚታይበት አገር ነው አልኩ። ወዲያው መለሱ። የፊቱን ክፍል ነገ አንዲት ተማሪ መጥታ ታየዋለች፤ ካልወደደችው ያንቺ ነው አሉኝ። ማን ነው የማይወደው?

የባሰው ደግሞ ይኸው። አባ ከጁምዓ ሲመለስ ፊቱ በርቷል። ከስግደት በኋላ ለሰው ሁሉ ነግሯል። ጋሼ ሰይድ በአጥሩ በኩል ጠርተውኝ፣ «ማሻአላህ፣ ዛፍ ጥላ ስር ቤት ተገኘልሽ አሉ» አሉኝ። ከጀውሃ ሽንኩርት ሊጭን የመጣ ነጋዴ ሳይቀር መረቀኝ። አባ «እናያለን» የሚለውን ሊተው ዳር ደርሶ ነበር፤ ያደረሰው ያ ጥላ ነው። አሁን እኔ በየትኛው አፌ ልንገረው?

አሚን አሚን እያልኩ ዋልኩ።

ቅዳሜ

መብራት የለም። ኔትወርክም አብሮት ሄደ። ወይዘሮ ኢሎና ቢጽፉም አላይ። ግቢው ውስጥ ስልኬን እንደ አንቴና ይዤ ስዞር እማ፣ «ምን ጠፋብሽ?» አለች። ቤቴ ነው የጠፋብኝ።

ለአባ ነገርኩት። ሽንኩርት ሲለይ አገኘሁት፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እየለየሁ ነገርኩት፣ እንዲያ ይቀላል። ስለ እትዬ አስካለ ግድግዳ፣ ስለ ጥርሴ፣ ስለ ሰውዬው የተጨፈነ ዓይን።

«እኔ ደግሞ ለመንደሩ ሁሉ አወራሁ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ስለ ጎረቤት ስጠይቅ ፀሐዩን ረሳሁት። ፀሐይ ይታጣል ብሎ ማን ይጠይቃል?»

የተበላሸ አንድ ሽንኩርት አንስቶ ወረወረ። «እናያለን» አለ። የዛሬው እናያለን የደከመ ነበር። ነገ እሁድ ነው።

ከሰዓት ጋደም ብዬ ሕልም አየሁ። አንድ ክፍል ነው፤ በአንዱ መስኮት የእኛ ማንጎ ይታያል፣ በሌላው የማላውቀው ነጭ ነገር ይወርዳል። ፀሐዩ በየትኛው እንደሚገባ ሳላይ ነቃሁ።

እሁድ

ጠዋት ኔትወርክ መጣ። መልእክቱ ትናንት የተላከ ነው። ልጅቷ መጥታ ነበር። በሩ ጋ ስትደርስ የባቡር ነጂው ውሻ በአጥሩ በኩል ጮኸባት፣ ደንግጣ ክፍሉን እንኳ ሳታይ ተመለሰች። «የፊቱ ክፍል ያንቺ ነው፤ መጋረጃውን አጥቤ ሰቅዬዋለሁ» ይላሉ። ውሻው ታስሮ እንደሚውል፣ ወደ ግቢያቸውም ገብቶ እንደማያውቅ ጽፈዋል። አባ ያለውን ሁሉ ጽፌላቸው ነበርና።

ሮጬ ሄጄ ለአባ አነበብኩለት። ስለ ውሻው ስደርስ አስደገመኝ።

«ጮኸባት?»

«ጮኸባት።»

«እና ቤቱን ጠበቀልሽ በይኛ» አለ። ሊስቅ ፈልጎ ያዘው። «ጎረቤት እንዲህ ነው።»

የምኖርበትን አድራሻ ሞልቼ፣ ሳልልከው፣ ስልኩን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ ካፖርቴን ለብሼ ግቢው መሃል ፀሐዩ ላይ በርጩማ አድርጌ ተቀመጥኩ። ልለማመድ ብዬ ነው። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። እማ ከማንጎው ስር ሆና ይቺ ልጅ ለየላት አለች።

አባ ወጣ። ቆሞ አየኝ። እሱ ፀሐይ ላይ ቁጭ ሲል አይቼ አላውቅም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ጥላ ነው የሚፈልገው። ሌላ በርጩማ ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን አንጋጠጠ፣ ልክ እንደ ሰውዬው። ግንባሩ ወዲያው ወዛ።

«ይሄ ነው የሚናፍቅሽ በይ» አለ።

ቆየት ብሎ ወደ አጥሩ ዞሮ፣ «ሰይድ! እስቲ ና ብቅ በል!» ብሎ ተጣራ። ጋሼ ሰይድ ሐብሐብ በእጃቸው ይዘው መጡ። አባ ፎቶ አንሺው አለኝ። «ለሴትዮዋ ላኪላት። የእኛም ጎረቤት ይታወቅ።»

ጋሼ ሰይድ ምን እንደተፈለገ ሳይጠይቁ እጃቸውን አነሡ፤ ፀሐዩ ዓይናቸውን አስጨፈናቸው። ፎቶውንና አድራሻውን አከታትዬ ላኩ። አባ አየኝ፣ ቁልፉን ስጫን አየኝ። ሐብሐቡን ለሦስት ቆርሶ የእኔን ሰጠኝ።

እናያለን አላለም።