ባለ እባቡ ስልክና የሰዓዳ ሱቅ

ሐሙስ

ያ የሁሉም ሰው እጅ ላይ የነበረው ስልክ የት ገባ? የእባብ ጨዋታ ያለበት፣ ቢወድቅ የማይሰበረው፣ ባትሪው ቶሎ የማያልቀው? እኔ አውቃለሁ። አጎቴ ሱቅ፣ መደርደሪያ ላይ፣ አቧራ ለብሶ።

አጎቴ ጋሼ ሰይድ ይህን ስልክ መካነ ሰላም ውስጥ መጀመሪያ የሸጡ ሰው ናቸው። ያኔ ሌላ ዓይነት የያዘ ሰው ከኪሱ ለማውጣት ያፍር ነበር። ሙሽራ ያለ እሱ አይሞሸርም። ከዚያ በጣት የሚነካው ታች ስልክ መጣ። ባለ እባቡን የሚሠራው ድርጅት ሰው ቁልፍ መጫን የሚሰለች አልመሰለውም፤ ሲነቃ ገበያው ሄዷል። ለመመረቂያዬ የጻፍኩት ይህንኑ ነው። ኤ አገኘሁ። ሥራ ግን አላገኘሁም።

ዛሬ ጋሼ ቁርጡን ነገሩኝ፦ "ሐያት፣ እስከ ዒድ ሰው ካስገባሽበት ሱቁ ያንቺ ነው። ካልሆነ ለጫማ ነጋዴው አከራየዋለሁ።"

ከፊት ለፊታችን ደግሞ ሰዓዳ አለች፤ የክፍል ጓደኛዬ። ታች ብቻ ትሸጣለች። በሯ ላይ ሰልፍ!

አርብ

የምቀናባት፦ በሯ ላይ የሚዞረው መብራት። ሳቋ። ደንበኛ ሲጨቀጭቃት አለመናደዷ። ከሁሉ የባሰው፣ ጋሼ እሷን አይተው "ማሻአላህ፣ ብርቱ ልጅ!" ማለታቸው። እኔን ብርቱ ብለውኝ አያውቁም።

ከጁምዓ በኋላ መጣች።

"ሐያትዬ፣ ነገ ገበያ ነው፣ ብቻዬን አልችለውም። ነይ አብረን እንሥራ።"

"የራሴ ሱቅ አለኝ" አልኳት።

መደርደሪያችንን አየት አደረገችና "አብሽሪ" ብላኝ ወጣች። አብሽሪ! እንደ ምስኪን አይዞሽ ከምትለኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

የድሮ ደንበኛችን እማማ ፋጤ ከከላላ መጥተው ገቡ፤ ፊታቸው ጠቁሯል። ሪያድ ያለው ልጃቸው አሊ ፊታቸውን እያየ ሊያወራቸው ብሎ ከሰዓዳ ታች አስገዝቶላቸዋል። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። በባለ እባቡ ጊዜ ጋሼ አሊን ሁለት ቁጥር ላይ አስቀምጠውላቸው ነበር፤ ሁለትን ጫን አድርገው ሲይዙ ለአሊ ይደወላል። አሁን መስታወት ብቻ ነው።

"ብደባብሰው ብደባብሰው የለም! ልጄን የት አደረጋችሁት?"

"እኛ አይደለንም፣ እማማ፣ ያችኛዋ ናት።"

"እሷማ ይለምዱታል አለችኝ። እስክለምደው ብሞትስ?"

ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ በጣም ደስ አለኝ። ጋሼ ባለ እባቡን አወረዱ፣ አቧራውን ጠረጉ። እማማ ግን እጃቸውን አልዘረጉም።

"በዚህ ፊቴን ያየኛል ወይ?"

ጋሼ ባለ እባቡን መልሰው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።

ያኔ ነው ታቹን የተቀበልኳቸው። ከመቀነታቸው የአሊን ጉርድ ፎቶ አወጡልኝ። በስልኩ አነሳሁት። ስልኩ ሲከፈት የአሊ ፊት ብቻ እንዲወጣ፣ ሲነኩት በምስል እንዲደውል አደረግሁት።

"ይንኩት እስቲ።"

ነኩት። አሊ ብቅ አለ።

"ያረቢ!" ብለው መስታወቱን ሳሙት። ከዚያ ወሬውን ገበያው ውስጥ በተኑት። ከሰዓት በኋላ ታች የያዙ እናቶችና አባቶች ሱቃችንን ሞሉት።

ሰዓዳ በሯ ላይ ቆማ ታየናለች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ የኔው ነው። "አብሽሪ" ልላት ምንም አልቀረኝም።

እሁድ

ጋሼ ደስታዬን በጠዋቱ ቀነሱት። "ይህን እኮ እሷም አይታ ትሠራዋለች።"

ልክ ናቸው። ባለ እባቡም የቀረው ማን ይደርስብኛል ብሎ ነው። እሷ ስልክ አላት። እኔ እነ እማማ ፋጤን አውቃቸዋለሁ፤ ያደግሁት እዚህ ሱቅ ነው። ለሰዓዳ መልእክት ጽፌ አጠፋሁ። እንደገና ጻፍኩ። ላክሁት፦

"ሰዓዳ፣ አንቺ ሽጪ፤ ማንበብ የማይችሉትን ወደኔ ላኪያቸው፣ እዚህ ላዘጋጅላቸው። ያ መብራትሽ ግን ወደኛም ይዙር። ምን ትያለሽ?"

አንብባዋለች፤ ምልክቱ ይታያል። መልስ የለም። መብራቷ ይዞራል። አሁንም ያስቀናኛል።

አንድ ጨመርኩ፦ "ኧረ መልሺልኝ!"