ዘጠና ስድስት ከመቶ ስላገኘው ደብዳቤዬ

ለተከበሩ ዶክተር ሃርላን ዊትከም
የኮሌጃችን የጽሕፈት ትምህርት ክፍል ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ በተለይም ሳንባዎ ያለ ማሽን እርዳታ አየር ማስገባትና ማስወጣቱን እንዲቀጥልልዎ ከልብ እመኛለሁ። በአርባ አራት ዓመቴ በክፍልዎ «ለልዩ ልዩ አንባቢ መጻፍ» የተባለውን ትምህርት የወሰድኩት ኮሪን ስታልናከር ነኝ፤ ምስጋናዬንም እንደሚከተለው በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1. መብራት ድርጅቱ የሸለቋችንን መስመር ሊጠግን ሐሙስ ለስድስት ሰዓት ያህል ኃይል እንደሚያቋርጥ፣ በማሽን የሚተነፍስ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ግን በጽሑፍ ካመለከተ ጄኔሬተር እንደሚላክለት አስታወቀ። አባቴ ኤልዉድ ሠላሳ አንድ ዓመት ከሰል ቆፍሮ ሳንባውን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ትቶ የወጣ ሰው ነበርና፣ «መብራት ከጠፋ የአባቴ የኦክስጅን ማሽን ይቆማል። አባቴም ይሞታል። ጄኔሬተር ላኩልን።» ብዬ ጻፍኩ። የሳምንቱ የቤት ሥራ ለእውነተኛ መሥሪያ ቤት እውነተኛ ደብዳቤ መጻፍ ስለነበር፣ ከመላኬ በፊት ለመምህሬ ለአቶ ብሬንት ኮፍማን አሳየሁት።

2. መምህሩ «ይሞታል» የሚለው አንባቢ ያስደነግጣል፣ «ላኩልን» የሚለውም ትእዛዝ ይመስላል ብለው ሰረዙልኝ፤ በምስጋና ጀምሬ ጥያቄዬን ወደ መጨረሻው አለሳልሼ እንዳመጣውም በትዕግሥት አስተማሩኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር የነበረው ሙሉ ገጽ ሆነ፤ ሞትም «ከጤና ጋር የተያያዘ አንዳንድ አለመመቸት» ተባለ። ለአባቴ ባነብለት፣ «አንቺ ልጅ፣ ሁሉም ጥሩ ነው፤ ጄኔሬተሩ የት ጋ ነው ያለው?» አለኝ። እኔ የተማርኩት ሴትዮ፣ ለመሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚጻፍ አንተ አታውቅም አልኩት። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህቺ ናት።

3. ደብዳቤውን እንደታረመ ላክሁት፤ ሐሙስ ግን ጄኔሬተር አልመጣም። መጠባበቂያው የኦክስጅን ሲሊንደር ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየ፤ አምቡላንሱ ተራራውን ዞሮ ሲደርስ አባቴ እጄን እንደያዘ ሞቶ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ድርጅቱ ዘንድ ብደውል፣ ስልኩን ያነሳችው ልጅ ወረቀት ስታገላብጥ ቆይታ፣ «ውይ እህቴ፣ እኛ እኮ የምስጋና ደብዳቤ መስሎን ከምስጋናዎቹ ጋር ነው ያስቀመጥነው» አለችኝ። አልዋሸችም። እኔም ደግሜ ሳነበው ምስጋና ነው።

4. በዚያው ሳምንት ውጤቴ ደረሰኝ፤ ዘጠና ስድስት ከመቶ፣ ከጎኑም «አንባቢሽን በሚገባ አውቀሻል» የሚል አስተያየት።

ክቡርነትዎ፣ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከዚህ ወዲያ የሚመጣው ተማሪ ነገሩ የሞት ሲሆን ሞት ብሎ እንዲጽፍ፣ ያውም በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ቢፈቀድለት ደግሞ ውለታዎን የምከፍልበት ባጣሁ ነበር።

ያለአንዳች አለመመቸት በሙሉ ጤና እንዲኖሩልን እየተመኘሁ፣ ለክፍልዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ዳግመኛ የማረጋግጥልዎ፣

ታዛዥ ተማሪዎ ኮሪን ስታልናከር
የሟች ኤልዉድ ስታልናከር ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤዬ ለአዲስ ተማሪዎች ምሳሌ እንዲሆን በክፍልዎ ሰሌዳ ላይ መለጠፉን ሰምቻለሁ። ይነሳልኝ አልልም። ከሥሩ ግን አባቴ የሞተበትን ቀን ይጻፉበት፤ በደብዳቤው መላክና በእሱ መሞት መካከል ስንት ቀን እንደነበረ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይቁጠሩት።