የነፋስ ገዢዎች

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ዝናብ። የእህቴ የሉድዊና አሳማ አጥሬን ጥሳ ገብታ ጎደሬዬን ስትቆፍር አደረች። ሄጄ ነገርኳት። «ሥርዓት የላትም አልክ? አንተ ያስተማርካት ትሆናለች» ብላ ሳቀችብኝ። ታላቅ እህት... ምን ይደረጋል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚያከብረኝ የለም።

ከሰዓት በጀልባ እንግዳ መጣ። ቦኒፋስ! የገዛ ስሙን አሳስቶ ይጽፍ የነበረው ተማሪዬ። ከዋና ከተማችን ከፖርት ሞርስቢ ነው የመጣው፤ በዚህ ዝናብ ጥቁር መነጽር አድርጎ። ነገ ስብሰባ አለኝ ይላል።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ስብሰባው ማንጎው ሥር። ሰው ሁሉ የቡአይ ፍሬውን እያኘከ፣ ቀይ ምራቁን እየተፋ ያዳምጣል።

«ዛፍ አየር ያጠራል። ባሕር ማዶ ያሉ ፋብሪካዎች ያቆሽሹታል። እናንተ ደናችሁን ካልቆረጣችሁ፣ ያጠራችሁትን አየር ይገዟችኋል። ካርቦን ይባላል።»

«ከገዙ በኋላስ ማጨሳቸውን ይተዋሉ?» አልኩት።

«ቲቸር፣ እሱ ዝርዝር ነው።»

«እሺ። ላልሠሩት ሥራ የሚከፈል ከሆነ፣ ሳልገርፍህ ለቀረሁበት ቀን ሁሉ ክፈለኛ!»

ሕዝቡ በሳቅ ሞተ። ያልሳቀችው ሉድዊና ብቻ ናት። ከላይ ያለው ደን በሙሉ በእሷ ቃል ነው... እኛ ዘንድ መሬት በእናት ይወርዳል፤ ወንዱ አፍ ብቻ ነው። ልጇ ኦትማር ደኑን ለእንጨት ኩባንያ ስጪው እያለ ዓመቱን ሙሉ ሲጨቀጭቃት ከረመ። መንገድ ይመጣል፣ ቆርቆሮ ቤት ይመጣል እያለ። አሁን ደግሞ ነፋስ ገዢ ተጨመረ።

«ልጄ፣ ጭስ አየሩን ያበላሸዋል?» አለችው ቦኒፋስን፣ በቁም ነገር።

«በጣም እንጂ፣ እማማ!» አለ ቀጣፊው።

የካቲት 9

ጉድ ነው። ሉድዊና ደኑ ውስጥ እሳት ከለከለች። ትንባሆ ከለከለች። አዳኞች ሥጋቸውን ጥሬውን ተሸክመው ይወርዳሉ። ይባስ ብላ ቀይ የታንጌት ቅጠል እየቋጠረች ዳር ዳሩን ዛፎቹ ላይ አሰረች። የአባቶች ክልክል ነው ያ ቋጠሮ። ሌባ እንኳ አያልፈውም። እሱን ለዚህ!

«አየሩ የሰው ዕቃ ሊሆን ነው» ትለኛለች። «ሲመጡ ንጹሑን ይውሰዱ ብዬ ነው።»

«እትዬ፣ በምን ይወስዱታል? በጆንያ?»

«እኔ ምን አውቄ። የተማርከው አንተ።»

እንግዳ ይመጣል ብላ ነፋስ የምትጠርግ እህት! አሳፈረችኝ። ለኦትማር ነገርኩት፤ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ደደብ ጋር እንድስቅ አደረገችኝ።

የካቲት 20

ቦኒፋስ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። አላልኩም?

መጋቢት 2

የእንጨት ኩባንያው ዶዘር መጣ። ኦትማር ነው ያስመጣው፤ ከእናቱ ጀርባ፣ ያለ ቃሏ። ከባሕሩ ዳር ተነስቶ የኮኮናቱን ዛፍ እየገነደሰ ወጣ። ወንዶቻችን ግራና ቀኝ ተገትረው ያያሉ። ጀግኖች! እኔስ? «ሕግ አለ» ብዬ ጮህኩ። ለማን? ለዶዘር።

ሉድዊና አልጮኸችም። ከቋጠሮዎቹ ሥር ቁጭ ብላ ቡአይዋን ታኝካለች። ነጂው ከሩቅ፣ ከሴፒክ ወንዝ አገር የመጣ ግዙፍ ሰው ነው። ቅጠሉን አየና ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ሆንክ? ንዳው!» አለ ኦትማር።

«ታንጌት ታስሯል እኮ።»

«የእናቴ ቅዠት ነው! ለነፋስ ነው ያሰረችው!»

«ለፈለገችው ትሰረው። አንተ የገዛ እናትህን ነው እንዲህ የምትናገራት?» ወረደና አጠገቧ ተቀመጠ። ቡአይ አካፈለችው።

ያሰረችው በቂል ወሬ ተታላ ነው። ዶዘሩ ግን ቆመ። እኔ አውቃለሁ ባዩ ምን አቆምኩ? ከቀትር ጀምሮ ይህን እያብሰለሰልኩ ነው...

መጋቢት 6

ቦኒፋስ ተመልሶ መጣ! ማን ነገረው? እንደ ዝንብ ነው መቼም። የቆመው ዶዘር ፊት ተገትሮ ራሱን በስልክ ይቀርጻል። «ፕሮጀክታችን ይህንን ደን ታድጓል...» ፕሮጀክታችን! አንዲት ቅጠል ያልቋጠረ እጅ።

መጋቢት 11

የገዢዎቹን ወኪሎች፣ ፈረንጆቹን አመጣቸው። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ሴትየዋ ትሁት ናት፤ ላብ አጥምቋታል። ቦኒፋስ ላስተርጉም ሲል ሉድዊና «አይሆንም። ወንድሜ ያስተርጉም» አለች። እኔ! ስስቅባት የከረምኩት።

ፈርሚ አሏት። ደኑ አይነካም፤ አዲስ የጎደሬ ማሳ አይመነጠርም፤ ደኑ ያጠራው አየር የገዢዎቹ ይሆናል። ሰማች። ምራቋን ተፋች።

«እኔ አስሬያለሁ። ገዢዎቹስ እዚያ አገራቸው ጭስ ማውጫው ላይ ቅጠል አስረዋል ወይ በላቸው።»

ድሮ ቢሆን አለሳልሼ አልፈው ነበር። ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሴትየዋ አንገቷን ደፋች። «ቀስ በቀስ እየቀነሱ ነው» አለች።

«ቀስ በቀስ? እንግዲህ አስረው ሲጨርሱ ይምጡ። አየሩን እስከዚያ ይተንፍሱት፤ በነጻ ነው።»

«ቲቸር፣ አስረዷት እንጂ!» አለ ቦኒፋስ።

«ምኑን? ገብቷታል እኮ። ያልገባህ አንተ ነህ።»

ሳትፈርም ሄዱ። ለቆራጮቹም አልፈረመችም። እንደ ዛሬ ኮርቼባት አላውቅም።

ሚያዝያ 3

ዶዘሩን ሌላ ነጂ መጥቶ ወደ ባሕሩ መለሰው። ኦትማርም አብሮ ሄደ፤ ኮኮፖ ከተማ ገብቷል አሉ። እናቱን ሳይሰናበት። ማሳዋን የሚቆፍርላት ስለጠፋ ጠዋት እኔ ወጣሁ። እጄ ውሃ ቋጠረ። «ዕድሜ ልክህን ስታወራ ኖረህ አንድ መደብ ያቅትህ!» እያለች ስትሰድበኝ ዋለች። ደስ አለኝ፤ ምን ልደብቅ።

ስንወርድ ቀስ ብላ «ኦትማር አልደወለም?» አለችኝ።

«ኔትወርክ የለም» አልኳት።

ደውሎ ነበር። ድምፁ ቁርጥ የእኔ። እየሳቀ «ነፋሷን ትብላ በላት» ነው ያለኝ።

ይህን አልተረጎምኩላትም።