የ«አ-አ-አዎ» ዜማ ደራሲ የሙሴ ፊርመን ዴልፖርት የሕይወት ታሪክ

ሙሴ ፊርመን ዴልፖርት ከአባታቸው ከሱፍ ፋብሪካ ሠራተኛው ከሙሴ ዴዚሬ ዴልፖርትና ከእናታቸው ከማዳም ኤሊዝ ካርሊየ እ.ኤ.አ. በ1921 በሰሜን ፈረንሳይ፣ በሩቤ ከተማ ተወለዱ። በዘጠኝ ዓመታቸው አኮርዲዮን ያዙ፤ ኖታ መጻፍን ከፋብሪካው የማርሽ ባንድ አለቃ ተማሩ። የሰው ድምፅ አንዴ ከሰሙ አይረሱም ነበር። ምነው በረሱት!

በ1948 ማዳም ክሎቲልድን አገቡ። ማዳም ክሎቲልድ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይንተባተባሉ። ቄሱ፣ «ባልሽ እንዲሆን ትፈቅጃለሽን?» ሲሏቸው፣ «አ-አ-አዎ» ብለው እስኪጨርሱ ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። ሙሽራው ግን እርሳስ አውጥተው የሚስታቸውን መልስ በመዝሙር ወረቀቱ ጀርባ በኖታ ጻፉት።

ያንን መልስ የዘፈን አዝማች አድርገው በ1950 ፓሪስ ሄደው በሸክላ አስቀረጹት። ሸክላው አገር አዳረሰ። ከዚያ በኋላ ሌሎች አርባ አንድ ዘፈኖች አስቀርጸዋል፤ እነዚያን የሚያስታውስ ከገዛ ቤታቸውም አልተገኘ። ማዳም ክሎቲልድ ሥጋ ቤት ገብተው አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ተሰላፊው ሁሉ በአዝማቹ ይቀበላቸው ጀመር። «እባክህ ፊ-ፊርመን፣ ተወው» ብለው ለመኑ። ሙሴ ፊርመንም፣ «አንቺ ደግሞ! አገር ያወቀሽ በእኔ አይደል?» አሏቸው። በየመድረኩም ከመቀመጫቸው እያስነሱ ያስጨበጭቡላቸው ነበር። ማዳም ክሎቲልድ በሰው ፊት መናገር ተዉ፤ ሥጋውንም ዳቦውንም በጣት እያመለከቱ ገዙ። እናቷ በቤትም ቃል ይቆጥቡ ስለነበር፣ ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው አንድያ ልጃቸው ማርትዝ አፍ የፈታችው ጎረቤት ቤት ነው።

በ1985 ሙሴ ፊርመንን ስትሮክ መታቸውና ንግግር ጠፋባቸው። ሐኪሙ፣ ቃል የጠፋበት ሰው ዘፈን ሊቀርለት እንደሚችል ለቤተሰቡ አስረዳ። የቀረላቸውም ያ አዝማች ብቻ ነበር። ሲጠማቸው ይዘፍኑታል፤ ሲያማቸው ይዘፍኑታል። ባለቤታቸው ብርጭቆውን እንደያዙ፣ «አይዞህ፣ እ-እስክትጨርስ እጠብቃለሁ» ይሏቸዋል። ከመጨረሻው ስንኝ በፊት ግን ውሃውን አንድም ቀን አልሰጧቸውም።

ሙሴ ፊርመን ለሦስት ዓመት ያህል በዚህ ሁኔታ ቆይተው ማርች 3 ቀን 1988 ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

የማርሽ ባንዱ መሣሪያውን ይዞ መጥቷል፤ ዛሬ ግን አይነፋም። የስንብቱን ጸሎት የሚያደርሱት ማዳም ክሎቲልድ ናቸው። በሕዝብ ፊት ሲናገሩ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ጊዜ ይወስዳል። ቆማችሁ ጠብቁ፤ ማንም አያንጎራጉር፣ ማንም ቀድሞ አይጨርስላቸው። «ነፍሳቸውን ይማር» የሚለውን ቃል ለእርሳቸው ትተንላቸዋል። ካሉት፣ አሜን በሉ።