ያላገባው ባለቤቴና ባለመስኮቱ ክፍል

ለተከበሩ የመርከብ ድርጅቱ የክፍል ድልድል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የተቀመጡበት ወንበር ሳይቀር በደህና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ባለፈው ወር በመርከብዎ ለሰባት ቀን የተጓዝኩ፣ ከዚያ በፊት ባሕርን በቴሌቪዥን ካልሆነ በቀር አይቼ የማላውቅ ጡረተኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት ክብርዎን ለመንካት ፈልጌ ሳይሆን፣ በቢሮዎ አድራሻ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች የት እንደገቡ ሊነግረኝ የቻለ ሰው ስለጠፋ ብቻ ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ አንሶላ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ መስኮት አልነበረውም። ዝናብ መጣሉን የማውቀው ከላይ የሚወርዱት ሰዎች ጫማ ረጥቦ ሳይ ነበር። ስለዚህ ጡረታ ስወጣ የተመኘሁት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዬ ሳልነሳ፣ ዓይኔን ስገልጥ በመስኮት በኩል ባሕር ማየት።

ምኞቴን ለባለቤቴ ነገርኩት፤ ስህተቱ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። ባለቤቴ ቁልፍ ቀራጭ ነው። ደግ ሰው ነው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፣ ነገር ግን ቤታችን ውስጥ በሙሉ ዋጋ የተገዛ ዕቃ ቢፈለግ አይገኝም። ባለመስኮት ክፍል ለመያዝ የሚበቃ ገንዘብ አጠራቅመን ሳለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን የሚጓዙ ሰዎች ርካሹን ክፍል ቢይዙ በዕጣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደ ባለበረንዳ ክፍል ከፍ ሊደረጉ እንደሚችሉ የሚገልጸውን ማስታወቂያዎን አነበበ። ከዚያማ ማን ይቻለው! እንደማይተዋወቁ ሰዎች ለየብቻ ብንመዘገብ ዕድላችን እጥፍ ይሆናል ብሎ የሁለታችንንም ቅጽ በገዛ እጁ ሞላው። እኔም ሞኟ አመሰገንኩት።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ በሦስተኛው ፎቅ ለሰጡኝ ክፍል አመሰግናለሁ። በሩን ስከፍት ፊት ለፊት የሚያምር ሰማያዊ መጋረጃ ተሰቅሎ አየሁና ልቤ ዘለለ፤ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ሮጬ ገለጥኩት። ግድግዳ! ክው ብዬ ቀረሁ። ከኋላው ደግሞ መስኮት ተደብቆ እንደሆነ ብዬ በጣቴ አንኳኳሁት፤ እውነተኛ፣ ጠንካራ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው። ግድግዳ ራቁቱን እንዳይቆም መጋረጃ የሚያለብስ ኃላፊ በዚህ ዘመን ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሁለተኛ፤ ዕጣው ወጣ። ለባለቤቴ ወጣለት፤ ለእሱ ብቻ። ዘጠነኛ ፎቅ፣ ባለበረንዳ፣ ባሕሩ ከትራስ ላይ የሚታይበት። ባለቤቴ ደግሞ ማዕበል ሲያይ ሆዱ የሚገለበጥበት ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ሰባት ቀን የሚበቃ የማስመለሻ ከረጢት ደረቱ ላይ ታቅፎ፣ መጋረጃውን ዘግቶ ተኛ። እኔ በእንግድነት እንድጠይቀው ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ስለተፈቀደልኝ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ሥራዋን ጀምራ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ እደርሳለሁ። መጋረጃውን ልገልጥ እጄን ስዘረጋ ደግሞ ስለ ልጆቻችን ብሎ ይለምነኛል። የመርከብዎን ትልቁን መስኮት መርከቡ ላይ ባሕርን ለሚጠላው ብቸኛ ሰው መስጠት ተራ ችሎታ አይደለም።

ሦስተኛ፤ እንግዳ መቀበያ ሄጄ ዘጠነኛ ፎቅ ያለው ሰው ባሌ ስለሆነ ክፍል እንድንቀያየር ፍቀዱልን አልኩ። ፈገግታ የማይለያት ሠራተኛዎ ኮምፒውተሯን አየች፤ ከዚያም ከኋላዬ የቆመው ሰልፍ ሁሉ እንዲሰማ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ሰውዬው ያላገባ መሆኑን ነገረችኝ። ቅጹን አዙራ አሳየችኝ። እውነቷን ነው፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ በራሱ እጅ፣ «ያላገባ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጓል። ጎረምሳ የምታሳድድ አሮጊት ተደርጌ ስታይ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ መርከብ ላይ ደግሞ መሬትም የለም። ልጅቷ በትሕትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ካለኝ እንዳመጣ ጠየቀችኝ። ጌታዬ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይዞ ባሕር ላይ የሚወጣ ሰው ካለ ያሳዩኝ።

አራተኛ፤ ብቸኝነት እንዳይሰማኝ ብላችሁ ክፍሌ ውስጥ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ስለደረባችሁብኝ አመሰግናለሁ። ሴትዮዋ ወርቅ ናቸው። ብቻ ምሳ በልተው ጋደም ሲሉ በእንቅልፍ ልባቸው «በርቺ፣ ግፊ፣ ትንሽ ቀረሽ» ይላሉ። በሦስተኛው ቀን እኔም ሳላስበው እግሬን አልጋው ላይ አንፈራጥጬ ስገፋ ራሴን አገኘሁት።

ከዚህ የሚቀጥለውን ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስካሁን አልለየሁም። በስድስተኛው ቀን ባለቤቴ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወደ እንግዳ መቀበያ ሄደ። ክፍሌን ለሚስቴ ስጡልኝ ሲል ሚስት እንደሌለው አስታወሱት፤ ክፍሉን መልቀቅ የሚችለው ባለበረንዳ ክፍል ለመጠበቅ ለተመዘገበው ቀጣይ ተራ ጠባቂ ብቻ እንደሆነም ነገሩት። ተራ የምጠብቀው እኔ ብቻ ስለመሰለው ሳይጠይቅ ፈረመ። ተራ ጠባቂዋ አዋላጇ ነበሩ። እሳቸው ወደ ዘጠነኛ ፎቅ ወጡ፤ ባለቤቴ ሻንጣውን አንጠልጥሎ እሳቸው በለቀቁት አልጋ ላይ ሊተኛ ወደ እኔ ወረደ። በእናንተ መዝገብ መሠረት ያላገባ ወንድ ያለፈቃዴ ክፍሌ ውስጥ አስገብታችኋል፤ እሱን እንኳ ለክብርዎ ስል አልፌዋለሁ።

ደሜ ፈልቶ ልጮህበት ነበር። እሱ ግን ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ ሙሉውን ዋጋ መክፈል እንደነበረበት ተናገረ። ከዚህ አፍ ይህ ቃል ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። አሳዘነኝ። ጫማውን አወለቅሁለትና ተኛን።

ባለፈው ሳምንት የደረሰኝ ማስጠንቀቂያዎ፣ በመጨረሻው ቀን ማለዳ በዘጠነኛ ፎቅ ያለፈቃድ ለአርባ ደቂቃ ስለቆየሁ የጽሑፍ ማብራሪያ እንድሰጥ ያዝዛል። በታላቅ አክብሮት እነሆ። አዋላጇ ሳይነጋ በሬን አንኳኩ፤ እጄን ይዘው በሌሊት ልብሴ ወደ ላይ ጎተቱኝ፤ አልጋቸው ላይ አስተኙኝ፣ እንደ አራስ አለባብሰው ዓይኔን እንድጨፍን አዘዙኝ፣ መጋረጃውን ገለጡና ክፈቺ አሉኝ። ባሕሩ መጀመሪያ ግራጫ ነበር፤ ቀስ እያለ ነጣ፤ በዕድሜዬ ያጠብኩት አንሶላ ሁሉ ተሰፍቶ የተዘረጋ መሰለኝ። ከዚያ ፀሐይ ወጣች። አለቀስኩ። አዋላጇ ሃያ ሺህ ልጅ ሲወለድ ያዩ ሰው ናቸው፣ እሳቸውም አለቀሱ። ጥፋቱን ፈጽሜዋለሁ፤ አልጸጸትም፤ ቢመቸኝ ነገም እደግመዋለሁ።

ለድልድልዎ ጥበብ፣ ለመጋረጃዎና ለትዕግሥትዎ ከልብ እየሰገድኩ፣ ሥልጣንዎን ያሰንብትልዎ ስል፣

መቼም የማትረሳዎት፣
የሦስተኛ ፎቅ መንገደኛ

ማስታወሻ፤ ለመጪው ዓመት ሌላ ጉዞ ይዣለሁ። ባለመስኮት ክፍል ነው፣ ሙሉ ዋጋውን ከፍያለሁ፣ ለአንድ ሰው ነው፤ መርከቡም የእናንተ አይደለም። ባለቤቴ ይህን የሚሰማው እንደ እርስዎ ሁሉ ከዚሁ ጋዜጣ ላይ ነው።