ለዋርካ ለቅሶ የተቀመጡት ወይዘሮ ሙሉጌጥ ጉልላት

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ጉልላት ከአባታቸው ከአቶ ጉልላት ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺ ተክሌ በሲዳሞ፣ በይርጋለም ከተማ፣ በመስከረም ወር 1924 ዓ.ም. ተወለዱ። ወሩ አደይ የሚፈነዳበት ስለነበር እናታቸው፣ ልጅቱ መጀመሪያ ዓይኗን የገለጠችው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መስኮቱ ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር። ነገሩ ከቀልድም አልፎ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጠባይ ሆኖ ቀረ።

ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ፣ ጠላት ከአገር ሲወጣ በተከፈተው ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። በትምህርታቸው ተወዳዳሪ አልነበራቸውም ብለን እንዳንጽፍ አብረዋቸው የተማሩ ሰዎች ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል። መምህራቸው ከመስኮት አጠገብ አስነሥተው በግድግዳው በኩል ቢያስቀምጧቸው፣ በጣራው ቀዳዳ ወፍ ማየት ጀመሩ ይባላል።

በ1942 ዓ.ም. በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ሞገስ ኃይሌ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ መሠረቱ። በ1953 ዓ.ም. አቶ ሞገስ ገና በግራር መካከል በምትቆረቆረው አዋሳ ሲመደቡ ቤተሰቡ በጭነት መኪና ተጓዘ። ዕቃው ከመኪናው ሳይወርድ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ጠፉ። ቢፈለጉ ሐይቁ ዳር፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር ቆመው፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘሉትን ጉሬዛዎች አንጋጠው ሲያዩ ተገኙ። የዚያን ዕለት አልጋቸውን የዘረጋላቸው ጎረቤት ነው።

ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከወጡ ድረስ በስልክ ማዞሪያ ኦፕሬተርነት አገልግለዋል። መስመር እስኪገኝ የሚጠብቅ ደንበኛ ከእሳቸው ወሬ አያመልጥም ነበር። ከዲላ የሚደውል የቡና ነጋዴ የገበያ ዋጋ ሊጠይቅ ፈልጎ፣ መጀመሪያ ሐይቁ ዛሬ ምን መልክ እንዳለው፣ ትልልቆቹ ወፎች አባ ኮዳዎቹ ከየት በኩል እንደመጡ ይሰማል። አለቆቻቸው ሁለት ጊዜ ቢያስጠነቅቋቸውም ነጋዴዎቹ፣ ተዉልን፣ እኛ ወደነዋል ስላሉ ነገሩ በዚያው ታለፈ።

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ያማረ ነገር ለብቻቸው ማየት አይሆንላቸውም። አንድ ቀን ከታቦር ተራራ በላይ ድርብ ቀስተ ደመና ወጥቶ ኖሮ፣ ውጡ፣ ውጡ እያሉ ሲጮኹ፣ ሰፈሩ እሳት የተነሣ መስሎት ባልዲ ባልዲውን ይዞ ወጣ። ሰው ሊቆጣ ሲል እሳቸው ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ። ያን የመሰለ ቀስተ ደመና ከዚያ ወዲህ አላየንም። የመጣው ውኃ እንዳይባክን ብለውም በየሰው ችግኝ ሥር አስደፉት። ይህ ነው ሙሉጌጥ ማለት! ጉሬዛ በወንጭፍ የሚመታ ልጅ ካገኙ ሳይቆጡ እጁን ይዘው ዛፉ ሥር ያስቀምጡትና፣ እናቲቱ ግልገሏን ስታቅፍ እስኪያይ አይለቁትም። የሚወዱትን የማይጠብቅ ሰው ወደድሁ አይበል የሚሉት እሳቸው ናቸው።

አሁን ሁላችንም ወደምናውቀው ወደ 1973 ዓ.ም. እንመጣለን። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር ቀበሌያችን ለዳቦ ቤቱ ማገዶ በመቸገሩ፣ በሐይቁ ዳር ያሉት ዋርካዎችና ሾላዎች በዘመቻ ተቆርጠው እንዲፈለጡ ተወሰነ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ደረሰ ዛሬ ከለቀስተኞቹ መካከል ስላሉ ታሪኩን እንደነበረ ብንናገር እንደማይቀየሙን እናምናለን። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ቀበሌው ድረስ ሄደው ለመኑ፤ ባሕር ዛፍ ከሩቅ ይምጣ፣ ማጓጓዣውን እኛ እናዋጣለን አሉ። ውሳኔ ውሳኔ ነው ተባሉ። የአብዮት ዘመቻን ማደናቀፍ ምን እንደሚያስከትልም በጨዋ ደንብ ተነገራቸው። ዓርብ ዕለት ትልቁ ዋርካ ወደቀ። የቀሩት ለቅዳሜ ተቀጠሩ።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እንባቸው እየወረደ ወደ እድራችን ጡሩምባ ነፊ ወደ አቶ ደበሌ ቤት ሄዱ። ለቅሶ አለብኝ፣ ሰው ሐይቁ ዳር ይድረስልኝ አሏቸው። አቶ ደበሌ የሟቹን ስም መጠየቅ ነበረባቸው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ነገር ግን እንዲህ የምታለቅስን ሴት ማን ሞተብሽ ብሎ መመርመር ጭካኔ መስሎ ታያቸው። ሐይቅ ዳር ከተባለማ ዘመድ ሰጥሞባቸው ነው ብለው ደመደሙ። ጡሩምባውን አንሥተው ከባህል አዳራሽ እስከ መናኸሪያ ነፉት።

ሰፈሩ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ጎረፈ። ሴቶቹ እየጮኹ ሲደርሱ ያገኙት የሰው ሬሳ ሳይሆን የወደቀ ዋርካና አጠገቡ መሬት ላይ የተቀመጡትን ሙሉጌጥን ነው። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ በገነ። ሆኖም ለቅሶ የደረሰ ሰው ሳይቀመጥ አይመለስምና መጀመሪያ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፈትያ ተቀመጡ፤ ከዚያ ሌላው ተከተለ። ወይዘሮ ሙሉጌጥም እንደ አልቃሽ ደረታቸውን እየመቱ ሙሾ አወረዱ፦

ደግ ነበር ዋርካው፣ በር የሌለው ቤቱ፣
ለወፍም ለሰውም እኩል ነበር ፊቱ።

ሳቁ የቆመው ያን ጊዜ ነው። ብዙዎቻችን ለዓመታት ጀርባችንን ሰጥተነው ወደ ገበያ ስንሮጥ የኖርነውን ሐይቅ፣ በዚያ ጠዋት ቁጭ ብለን አየነው። ጭጋጉ ከውኃው ላይ ሲነሣ፣ ታንኳዎቹ ከደንገሉ መካከል ሲወጡ፣ መኖሪያቸው የወደቀባቸው ጉሬዛዎች በሾላው ላይ ተጨናንቀው ወደ ታች ሲያዩን! እንዴት ያለ ጠዋት ነበር! እኛ ለካ በገነት በር ላይ ሱቅ ከፍተን ዓይናችን ከሚዛኑ ላይ አልነሣ ብሎ ኖሯል።

መጥረቢያ ይዘው የመጡት ዘማቾችም የእድሩ አባላት ነበሩ። ለቅሶ ተቀምጦ እያለ ሥራ አይሠራምና መጥረቢያቸውን አስቀምጠው ከሰው ጋር ተቀላቀሉ። ጓድ ደረሰ ተቆጥተው ቢመጡ ከፊት ተቀምጠው ያገኙት የገዛ እናታቸውን ወይዘሮ ገበያነሽን ነው። እሳቸውም ልጃቸውን ቀና ብለው አይተው፣ «ደረሰ፣ ሐዘን ላይ ነን፤ ወይ ተቀመጥ ወይ ሂድ» አሏቸው። ጓድ ደረሰ ጥቂት ቆመው አሰቡና ተቀመጡ። በሳምንቱ ማገዶው ከባሕር ዛፍ እንዲመጣ ተወሰነ፤ የቀሩት ዛፎች አንድም ሳይጎድል እስከ ዛሬ ቆመዋል።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በእድራችን ደንብ በሐሰት ጡሩምባ ያስነፋ ሰው ይቅርታ ካልጠየቀ ከአባልነት ይሰረዛል። የእድሩ ዳኛ አቶ ጠሀ፣ እትዬ ሙሉጌጥ፣ ለቅሶ አልነበረም፣ አጥፍቻለሁ ይበሉንና ነገሩ ይለቅ ብለው በአክብሮት ለመኗቸው። አቶ ሞገስም እቤት እግራቸው ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። ወይዘሮ ሙሉጌጥ በጉባኤው ፊት ተነሥተው፣ «ለቅሶ ነበረ። በሐሰት አልጠራኋችሁም» አሉና ተቀመጡ። ተሰረዙ።

እድር የሌለው ሰው ምን እንደሚጠብቀው ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ድንኳን የሚተክልለት፣ ሬሳውን የሚያነሣለት፣ ከቤተሰቡ ጋር የሚያመሽለት የለም። ወይዘሮ ሙሉጌጥም እንደ ማንኛውም ሰው ፈርተዋል። አንድ ቀን ለልጃቸው ለአስካለ፣ ማን ያነሣኝ ይሆን ብለው እንደነበር ዛሬ ብንናገር ነውር አይደለም። ቢሆንም ያን አንድ ቃል ሊያወጡት አልቻሉም፤ ግትር ነበሩ፤ እኛም ብዙ ጊዜ በዚህ ተቆጥተናቸዋል።

ፍርሃታቸው ግን ከሰው አልለያቸውም። ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር፣ እድሩ የማይመለከታቸው ሆነው ሳለ፣ ከሁሉ ቀድመው ይገኛሉ፤ ውኃ ይቀዳሉ፣ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከቡሹሎ መንደር ያመጡትን ችግኝ ይዘው ለቅሶ ቤት ይመጡና ለሟቹ መታሰቢያ ከነቤተሰቡ ይተክላሉ። እንክብካቤውንም ለቤቱ ልጆች አደራ ይሰጣሉ፤ የደረቀበት ቤት ካለ ወዮለት! ዛሬ በሰፈራችን በክርስቲያኑም በእስላሙም ግቢ ያሉት ዋንዛዎች፣ ኮሽሞችና ወይራዎች የመጡት በዚህ መንገድ ነው።

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 1981 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን አቶ ሞገስ ኃይሌን፣ ልጆቻቸውን በቡሹሎ ጤና ጣቢያ ነርስ የሆኑትን ሲስተር አስካለ ሞገስንና በመምህርነት የሚያገለግሉትን አቶ አለሙ ሞገስን፣ እንዲሁም አራት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል።

ባረፉበት ማለዳ ቤተሰባቸው ድንኳን ከየት እንደሚከራይ፣ ሬሳ የሚያነሡ ጎልማሶችን ከየት እንደሚለምን ሲመካከር ጡሩምባ ተሰማ። ከቤቱ የተላከ ሰው አልነበረም። አቶ ደበሌ እርጅና ባደከመው ትንፋሻቸው እየነፉ፣ ሙሉ ስማቸውን እየጠሩ በሰፈሩ ይዞሩ ነበር። ወዲያው የእድሩ ድንኳን መጣ። አቶ ጠሀም የእድሩን ሰዎች አስከትለው በቤቱ በር ላይ ቆሙ። አቶ ሞገስ፣ ባለቤቴ ይቅርታ ሳትጠይቅ ነው የሞተችው፣ ደንባችሁን በእሷ ምክንያት አታፍርሱ አሏቸው። አቶ ጠሀ እንዲህ ብለው መለሱ፦ «ደንቡ አልፈረሰም፣ ጋሼ ሞገስ። ጉባኤው ማረፋቸውን እንደሰማ ተሰብስቦ ወስኗል። ያን ቀን ለቅሶ ነበረ።»

እነሆ አስከሬናቸውን የሚያነሣው እድራቸው ነው። ከቀብር ስትመለሱ በሐይቁ በኩል እለፉ፤ ጥቂት ቁሙና እዩላቸው። ፍጥረቱን አሳምሮ የሠራ አምላክ የእህታችንን ነፍስ መጥረቢያ በማያገኘው ጥላ ሥር ያሳርፍልን፤ ለእኛም የሚያይ ዓይን፣ የሚጠብቅ እጅ ይስጠን። አሜን።